ቲቢው ከዳነ በኋላ ሳንባዬ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ

ይህን የምጽፈው የሳንባ ቲቢ ታክመው ከዳኑ በኋላ፣ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ ሳሉ፣ ድካሙና የክብደት መቀነሱ ለተመለሰባቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። እኔ የያዘኝ በሽታ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ተንከራትቻለሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የማያስፈልገኝን መድኃኒት ለስድስት ወር ውጫለሁ፣ የሚጎዳኝን መድኃኒት ደግሞ በገዛ እጄ ገዝቼ ወስጃለሁ፣ ልጆቼንም ያለ ምክንያት ከማዕዴ አርቄያለሁ። በሽታዬ ቲቢ ሳይሆን ቲቢ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ የበቀለ ፈንገስ ነበር። የባልትና ነጋዴ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ሳንባና ስለ ፈንገስ የማውቀውን ያወቅኩት ሐኪሞቼን በመጠየቅና በማንበብ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ሐኪማችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንዲጠቁማችሁ እንጂ ሐኪሙን እንዲተካላችሁ አይደለም።

ቲቢ የተገኘብኝ በ2009 ዓ.ም. ነው። አክታዬ ተመርምሮ ባክቴሪያው ታየ፤ በሰፈሬ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን ጀምሬ ስድስቱን ወር አንድ ቀን ሳላጓድል ጨረስኩ። የመጨረሻው የአክታ ምርመራ ነጻ ሆነ፣ ክብደቴም ተመለሰ። ሕክምናውን ስጨርስ የደረት ራጅ ተነሥቼ ነበር። ፊልሙን ያየው ባለሙያ «ጠባሳ አለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው» አለኝ። እኔም መዳኔን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ነገር ለመስማት ጆሮ ስላልነበረኝ፣ ጠባሳው ምን ዓይነት እንደሆነ ሳልጠይቅ ፊልሙን በፖስታው ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው። በቀኝ ሳንባዬ የላይኛው ክፍል ቲቢው በልቶት የሄደ፣ ግድግዳው የደደረ ባዶ ጉድጓድ ቀርቶ ነበር፤ ባለሙያዎቹ «ካቪቲ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ነገር በደረቴ ይዤ እንደምዞር ለዓመታት አላውቅም ነበር።

ጉልበቴ ሲመለስ የባልትና ሥራ ጀመርኩ። ዛላ በርበሬ በማዳበሪያ እየገዛሁ በጓሮ ባለችው መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ አከማቻለሁ፤ ከሁለት ሴቶች ጋር እዚያው ተቀምጠን እንቀነጥሳለን። በርበሬ የቀነጠሰ ሰው ያውቀዋል፦ ከውጭ ቀይና ጤነኛ የሚመስል ዛላ ሲሰበር አንዳንዴ ፍሬው ዙሪያ ግራጫና አረንጓዴ ብናኝ ይዞ ይገኛል፤ ሲሰነጠቅም እንደ ጭስ ቡን ብሎ ይወጣል። በደንብ ሳይደርቅ የተሞላ ወይም ዝናብ ያገኘው ማዳበሪያ ሲፈታ ክፍሉ በሙሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። የሻገተውን እየለየን እንጥላለን፤ ብናኙን ግን ከበርበሬው ብናኝ ለይተን አናየውም ነበር። አፍንጫችንን አቃጥሎ የሚያስነጥሰን በርበሬው ነው፤ ሻጋታው ግን ወደ ውስጥ ሲገባ አያቃጥልም፣ አይታወቅምም። በሽታው የያዘኝ ከዚያ ክፍል ነው ብዬ መማል አልችልም፤ እንዲህ ያለውን ብናኝ የማይተነፍስ ሰው የለምና። ሳንባው ቀዳዳ ላለበት ሰው ግን እንደዚያ ባለ ዝግ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ተገቢ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ሳል ጀመረኝ። ወቅቱ ኮሮና ገብቶ የሚያስል ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን የሚታይበት ነበርና ወደ ሕክምና መሄዱን ወራት አዘገየሁት። በመጨረሻ ስሄድ ክብደቴ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሶ ነበር፤ አክታዬም አልፎ አልፎ ቀይ ክር የመሰለ ደም ይታይበት ጀመር። ጂን ኤክስፐርት በተባለው የአክታ መመርመሪያ መሣሪያ ቲቢ አልተገኘም፤ የኤች አይ ቪ ምርመራዬም ነጻ ነበር። ራጁ ላይ ግን በቀኝ በኩል ጥላ ስለታየና ቀድሞ ቲቢ ስለነበረብኝ «ተመልሶ ነው» ተባልኩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ይህን የወሰነውን ሐኪም አልወቅስም። መሣሪያው ሁሉንም ቲቢ ስለማይዝ በምልክትና በራጅ ተመርኩዞ ሕክምና ማስጀመር ብዙ ሰው ያዳነ አሠራር ነው። የጎደለው ነገር በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ምንም ለውጥ ሳይታይ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በእነዚያ ወራት ልጆቼን እንዳላስይዝ ብዬ ኩባያዬንና ሳህኔን ለየሁ። የኩባያዬን ጆሮ በቀይ ክር አሰርኩት። ታናሹ ልጄ የክሩን ምክንያት ሲጠይቀኝ የእማማ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው እለው ነበር። ማዕድ ሲቀርብ እነርሱ አብረው ይቀርባሉ፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ለብቻዬ እቀመጣለሁ። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። አስፐርጊለስ የተባለው የሳንባዬ ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ከልጆቼ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት እችል እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው። እናንተ ግን የአክታ ምርመራችሁ ቲቢ አለ ካለ ጥንቃቄውን አትተዉ፤ የኔ ሁኔታ የተለየ ነበር።

ሁለተኛውና ከባዱ ስሕተቴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን ጨርሼም ሳሉ ስላልተወኝ፣ አስም ያለባት ዘመዴ እርስዋን ያሻላትን ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት እንድሞክር ነገረችኝ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዛሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሳሉ ቀነሰ፣ የምግብ ፍላጎቴ ተከፈተ፣ ፊቴ ሞላ፤ ጎረቤቶቼ «ወዝሽ ተመለሰ» እያሉ ደስ ሲላቸው እኔም እውነት መሰለኝ፤ ስለዚህ ወደ ሦስት ወር ገደማ እየቆረጥኩ እየቀጠልኩ ወሰድኩት። በሳንባዬ ውስጥ ግን በሽታ የሚከላከሉልኝን፣ የቀሩኝን ዘበኞች በገዛ እጄ እያስተኛሁ ነበር። ስቴሮይድ ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው፤ አስም ያለበት ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ። የምለው ምርመራ ላልተደረገለት ሳል፣ ወይም ለመወፈር ተብሎ፣ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ገዝቶ መዋጥ አይገባም ነው።

በጥር 2014 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ጉሮሮዬን ሞቅ ያለ ነገር ሞላው፤ ስስለው ደም ነበር፤ ደማቅ ቀይ፣ አረፋ የቀላቀለ። ልብስ የማጥብበት ሳፋ ቀርቦልኝ ታቹ እስኪሸፈን ድረስ ተፋሁ። ጎረቤታችን መኪናውን አስነሥቶ ሆስፒታል ወሰደን። መንገድ ላይ ቀኝ ጎኔን ስለሚያመኝ በግራ ጎኔ ተኝቼ ነበር፤ ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ነርሷ ራጄን አይታ ወዲያው በቀኝ ጎኔ አዞረችኝ። የሚደማው ሳንባ ወደ ታች ሲሆን ደሙ ጤነኛውን ሳንባ አያጥለቀልቀውም። ደም የምታስሉ ሰዎች ሐኪማችሁን የታመመው ሳንባ በየትኛው ጎን እንደሆነ ጠይቃችሁ እወቁ፤ ቤተሰባችሁም ይወቀው። ከሻይ ማንኪያ የበለጠ ደም ከመጣ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ። እኔ ደሙን የሚያቆም ትራኔክሳሚክ አሲድ በጉሉኮስ ተሰጥቶኝ በሁለተኛው ቀን ቆመልኝ።

ከዚያ ሲቲ ስካን ታዘዘ። ሐኪሟ ምስሉን በኮምፒውተር ስታሳየኝ በጥቁሩ ጉድጓድ ውስጥ ነጭ ኳስ ተቀምጧል፤ ከኳሱ በላይ አዲስ እንደወጣች ጨረቃ የቀጠነ ጥቁር አየር ይታያል። በሆዴ አስተኝተው ደግመው ሲያነሡኝ ኳሱ ቦታውን ለቅቆ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ተንከባሎ ነበር።

«ቲቢዎ ከዳነ ቆይቷል፤ ይህ በጉድጓዱ ውስጥ የበቀለ ፈንገስ ነው» አለችኝ።

«እንጀራ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ?» አልኳት።

«የዚያ ዘመድ ነው» አለችኝ፤ ስሙንም አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ብላ ጻፈችልኝ። በምስል ላይ ብቻ የተመሠረተ ግምት እንዳይሆን የደም ናሙናዬ ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ላቦራቶሪ ተሰጠ፤ ለአስፐርጊለስ የተሠራ አይ ጂ ጂ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ተገኘ። ካልቸር የተባለው፣ አክታዬ ውስጥ ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ የሚታይበት ምርመራም ለቲቢ ነጻ ሆኖ መጣ።

«ለምን እኔን?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበርና በቀጠሮዬ ሁሉ እጠይቃት ነበር። መልሷን በሰፊው የማካፍላችሁ፣ የራሴን ስሕተቶች ሁሉ የተረዳሁት ሳንባችን ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ሳውቅ ስለሆነ ነው።

የዚህ ፈንገስ ዘር በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነው። አንዱ ዘር ሁለት ወይም ሦስት ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ ክፍል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በጭድ ክምር፣ በፍግ፣ በአሮጌ ቤት አቧራ፣ በሻገተ እህል ውስጥ ይኖራል። አብዛኞቹ ፈንገሶች የሰውነታችንን ሙቀት አይችሉትም፤ ይኼኛው ግን የሚግል የፍግ ክምር የለመደ ስለሆነ 37 ዲግሪ ለእርሱ ምንም አይደለም። እያንዳንዳችን በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘሮችን እንተነፍሳለን፤ ሆኖም አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይታመምም።

የማይታመመው፣ በመጀመሪያ ደረጃ፣ አየር የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ዘብ ስለሆነ ነው። የአየር ቧንቧዎቻችን ውስጠኛ ግድግዳ በስስ አክታ ተሸፍኖ በጣም በደቀቁ ጸጉሮች የተሞላ ነው፤ ጸጉሮቹ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ጉሮሮ፣ እየተወዛወዙ በአክታው ላይ የተጣበቀውን ሁሉ ሽቅብ ይጠርጋሉ። እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን ወይም በሳል እናስወጣዋለን። የሲጋራ ጭስ ይህን መጥረጊያ ያዳክመዋል።

ከመጥረጊያው አምልጠው እስከ ታችኞቹ የአየር ከረጢቶች የሚደርሱትን ዘሮች እዚያው የሚኖሩ ማክሮፌጅ የተባሉ ሴሎች ይውጧቸዋል፤ በሆዳቸው ውስጥም ፈጭተው ይገድሏቸዋል። እዚህ ላይ ደጋግሜ ያስደነቀኝ ነገር አለ። የተኛው ዘር ውኃ የማያስጠጋ ልባስ ለብሶ ስለሚመጣ የሰውነት ዘበኞች እንደ ጠላት አያዩትም፤ ይህም ለእኛ በጎ ነው፤ ለምንተነፍሰው ዘር ሁሉ ጦር ቢዘምት ሳንባችን በየቀኑ በተቃጠለ ነበር። ዘሩ ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ ማበጥ ሲጀምር ግን ልባሱ ይቀደዳል፤ ከሥሩ ቤታ ግሉካን የተባለ የስኳር ዓይነት ይገለጣል። ማክሮፌጆች ዴክቲን 1 በተባለ መቀበያ ይህን ስኳር ሲነኩ ያን ጊዜ ሥጋት መሆኑን አውቀው በደም ወዳለው ጦር ጥሪ ይልካሉ።

የሚጠሩት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ዘሩ አምልጦ ክር ማውጣት ከጀመረ ክሩ ከአንድ ሴል ስለሚረዝም ሊዋጥ አይችልም፤ ስለዚህ ኒውትሮፊሎቹ ክሩን ከበው የሚያቃጥል የኦክስጅን ውሁድ ይረጩበታል፤ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ዲ ኤን ኤ እንደ መረብ ዘርግተው ያጠምዱታል። ይህ ጦር ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የሚታወቀው በጎደለባቸው ሰዎች ነው። በደም ካንሰር ሕክምና ምክንያት ኒውትሮፊላቸው የተመናመነ ሕሙማን፣ እንዲሁም ሴሎቻቸው ያንን የሚያቃጥል ኦክስጅን መሥራት የማይችሉ ሆነው የተወለዱ ልጆች፣ አስፐርጊለስ ሳንባቸውን ዘልቆ ይገባል። ቲ ሴል የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ማክሮፌጆቹን የሚያበረታታ መልእክት ይልካሉ፤ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲዲ ፎር የተባሉት ቲ ሴሎቻቸው ቁጥር ከ200 ሲወርድ ኒሞሲስቲስ የተባለ ሌላ የሳንባ ፈንገስ የሚያጠቃቸውና መከላከያው ኮትሪሞክሳዞል የሚሰጣቸው በዚሁ መስመር መላላት ነው።

ነጭ የደም ሴል ፈንገስን ሲውጥ ካዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኤልያስ ሜችኒኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ዳፍንያ የምትባል፣ ሰውነቷ እንደ መስተዋት የሚያሳይ የውኃ ነፍሳት መሰል ፍጥረት በማጉያ መነጽር እያየ፣ የፈንገስ ዘሮች ሲገቡባትና ሴሎቿ ከበው ሲውጧቸው ተከታትሎ ጽፏል፤ በ1908ም ለዚሁ ዓይነት ሥራው ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህን ሳነብ ያ ውጊያ በኔም ደረት ውስጥ በየሰዓቱ እንደሚካሄድ ሳስብ፣ ፕሬድኒሶሎኑን የዋጥኩባቸው ወራት ታወሱኝ። ስቴሮይድ ማክሮፌጅ የዋጠውን ዘር እንዳይገድል ያደክመዋል፣ ኒውትሮፊሉንም ያላላዋል። ሳሌ የቀነሰው ፈንገሱ ስለተሸነፈ ሳይሆን ውጊያው ስለቆመ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በህንድ ኮሮና ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎች፣ በተለይ ስኳር ያለባቸውና ስቴሮይድ የወሰዱ፣ «ጥቁር ፈንገስ» በተባለው በሌላ የፈንገስ ወገን መጠቃታቸውን ታስታውሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልመለስ። በቲቢ የተበላ ቦታ ጠባሳ ነው፤ የሚጠርጉ ጸጉሮች የሉትም። ነጭ የደም ሴሎች የሚመጡት በደም ሥር ነው፤ በባዶው ቦታ ውስጥ ግን የደም ሥር የለም። ሞቃት ነው፣ እርጥብ ነው፣ አየር ያገኛል። እዚያ የወደቀ ዘር ክሩን እየዘረጋ፣ ከአክታና ከሞቱ ሴሎች ጋር እየተድበለበለ ኳስ ይሆናል፤ ሰውነት ከግድግዳው ውጭ ሆኖ ሲዋጋው ግድግዳው ይቆጣል፣ በዙሪያው ያሉት ደም ሥሮች ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉም። ደሜ ውስጥ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል ሰውነቴ ጠላቱን ማወቁን ያሳያል፤ ማወቁ ግን ከደጅ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከቲቢ በኋላ 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጉድጓድ የቀረባቸውን 544 ሰዎች መርምሮ ከአራቱ አንዱ ለአስፐርጊለስ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ እንዳለው አግኝቷል። በቅርብ ዓመታትም በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ የተደረገ ጥናት፣ በሽታው በብዛት የሚገኘው ጉድጓድ በቀረባቸው እንጂ ሳንባቸው በደህና በጠገገላቸው ሰዎች ላይ አለመሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ባወጣው የፈንገሶች ዝርዝር አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት አራት መካከል አስገብቶታል።

በኦፕሬሽን ኳሱን ማውጣት የሚቻልባቸው ሕሙማን አሉ፤ በተለይ ጉድጓዱ አንድ ብቻ ሆኖ የቀረው ሳንባ ጤነኛ ሲሆን። የኔ ዙሪያው በጠባሳ የተያያዘ ስለሆነ ለጊዜው በመድኃኒት ይሁን ተባለ። ኢትራኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት 200 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ ወደ ኳሱ ውስጥ ብዙም እንደማይዘልቅ፣ ነገር ግን ፈንገሱ ግድግዳውንና ዙሪያውን እያሰፋ እንዳይበላ እንደሚያግድ፣ ቢያንስ ስድስት ወር እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ።

ሦስተኛውን ስሕተቴን የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ወር ስወስድ ምንም ለውጥ አላየሁም። ሐኪሟ አንድ በአንድ ስትጠይቀኝ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ጨጓራዬን ስለሚያመኝ በየማለዳው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እውጥ ነበር፤ የኢትራኮናዞል ካፕሱል ደግሞ ወደ ሰውነት ለመግባት የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር የጠዋቱን ካፕሱል በባዶ ሆዴ በውኃ ብቻ እውጠው ነበር፤ ካፕሱሉ ግን ከሙሉ ምግብ ጋር መወሰድ አለበት። ሁለት ወር ሙሉ ውድ መድኃኒት ገዝቼ አብዛኛውን ሳልጠቀምበት ቀርቻለሁ። የነፍስ አባቴን አማክሬ በሕመም ምክንያት ሰዓቱን አነሡልኝ፤ ሽሮዬን በልቼ ወዲያው እውጣለሁ። ኦሜፕራዞሉን በሐኪም ምክር አቆምኩ፤ የጨጓራ መድኃኒት የግድ በሆነባቸው ቀናት ካፕሱሉን በኮካ ኮላ እንድወስድ ነገረችኝ፣ አሲዱ ስለሚያግዝ። የምትጾሙ ወገኖች፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ መድኃኒቱ በታዘዘላችሁ ቀን ስለ ጾማችሁ ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ አለ። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ኢትራኮናዞልን በጉበት በኩል ቶሎ ስለሚያጠፋው ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ ሪፋምፒሲን ከቆመም በኋላ ኃይሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ኢትራኮናዞል ደግሞ በተራው እንደ ሲምቫስታቲን ያሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችንና አንዳንድ ስቴሮይዶችን በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ያበዛል። የልብ ድካም ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። እግር ካበጠ፣ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ ያስፈልጋል። እኔ በአምስተኛው ወር ቁርጭምጭሚቴ አብጦ መጠኑ ተስተካክሎልኛል፤ ጉበቴም በየጊዜው ይመረመራል።

በአራተኛው ወር ደሙ ሙሉ በሙሉ ቆመ። በስምንተኛው ወር ሰባት ኪሎ ጨምሬ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሽታው እንደማይተላለፍ በተነገረኝ ዕለት ማታ፣ የኩባያዬን ክር በመቀስ ቆርጬ ጥዬ ከልጆቼ ጋር ከአንድ ትሪ ቀርቤያለሁ። ታናሹ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ እኔው ያስተማርኩት ነበርና።

ሥራዬን አልተውኩም፤ አሠራሬን ግን ለወጥኩ። በርበሬው አሁን የሚቀነጠሰው በግቢ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን ነው። ማዳበሪያው መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል፤ ከመግዛቴ በፊት ከመሃሉ እጄን አስገብቼ ጥቂት ዛላ አውጥቼ እሰብራለሁ፤ ሳይሰበር ተጣጥፎ የሚለሰልስ ከሆነ አልገዛም። የሻገተ ማዳበሪያ እንዲፈታ የግድ ከሆነ ሌላ ሰው፣ አፍና አፍንጫ ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ማስክ አድርጎ ይፈታል፤ ነጠላ መሸፈን እነዚያን ደቃቅ ዘሮች አያግድም። ሠራተኞቼም፣ ሳንባቸው ጤነኛ ቢሆንም፣ እንደዚሁ ያደርጋሉ። ገለባ የምታበራዩ፣ ጎተራ የምትጠርጉ፣ አሮጌ ቤት የምታፈርሱ ሰዎች፣ ቀድሞ ቲቢ ታክማችሁ ከሆነ ይህ ይመለከታችኋል።

የቲቢ ሕክምናችሁን ስትጨርሱ «ጉድጓድ ቀርቷል ወይ? በየትኛው ጎን? ምን ያህል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምልክቱ ተመልሶ አክታችሁ ነጻ ከሆነ «ፈንገስ ሊሆን ይችላል ወይ? የአስፐርጊለስ የደም ምርመራ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልገኛል ወይ?» በሉ። አክታችሁ ቲቢ ካሳየ ደግሞ መድኃኒቱን ሳታቅማሙ ጀምሩ፤ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሳንባ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሜ የድሮውን ራጅ እንዳመጣላት ጠይቃኝ ነበር። ፊልሙን ያገኘሁት በእናቴ ቤት፣ ከፍራሽ ሥር፣ ጠርዙ ታጥፎ ነው። ሐኪሜ በመስኮቱ መስታወት ላይ ሦስቱን በተራ ለጠፈቻቸው፦ የ2009ኙ ላይ ጉድጓዱ ባዶውን ክብ ሆኖ ይታያል፤ የ2012ቱ ላይ ታቹ በጥላ ተሞልቷል፤ የ2014ቱ ላይ ኳሱ አለ። ሦስቱ ጎን ለጎን ቢታዩ ኖሮ ሁለተኛውን የቲቢ መድኃኒት ምናልባት አልጀምርም ነበር። አሁን ፊልሞቼን ሁሉ ሳላጥፍ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በጠንካራ ካርቶን መካከል አስቀምጣለሁ፤ በየፖስታው ላይ ቀኑን፣ የተነሣሁበትን ምክንያትና በዚያን ጊዜ እወስድ የነበረውን መድኃኒት በእጄ ጽፌበታለሁ፤ ወደየትኛውም ሐኪም ስሄድ ሁሉንም ይዤ እሄዳለሁ።